የማንን ሥጋ ትበላለህ?

መስከረም ሲጋመስ የግሸን አውቶቡሶች በከሚሴ ማለፍ ይጀምራሉ። ከአዲስ አበባ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው፣ ደብረ ሲና ላይ በብርድ ተንዘፍዝፈው፣ ሸዋ ሮቢት ላይ በላብ ተነክረው እኛ ዘንድ ሲደርሱ ሰዓቱ ምሳ ይሆናል። ነጭ ለባሹ ሁሉ እየተንጠራራ ይወርዳል፤ አንዱ ፊቱን ይታጠባል፣ አንዷ እግሯን ታፍታታለች። ከዚያ ወደ እኔ ይመጣሉ። የስፌት መኪናዬ በረንዳ ላይ፣ አስፋልቱ አፍ ላይ ናት፤ ሽበቴንና መነጽሬን አይተው አገር አዋቂ ነው ይላሉ መሰል፣ ሁሉም አንዲት ጥያቄ ይጠይቁኛል። «አባት፣ የክርስቲያን ሥጋ ቤት የቱ ጋ ነው?» በመቀሴ እጠቁማቸዋለሁ። አንዳንዴ ሾፌሩ እስላም ይሆንና እሱም የራሱን ይጠይቀኛል፤ እሱንም በሌላው አቅጣጫ እጠቁመዋለሁ። እኔ ወደየትኛው እንደምሄድ የጠየቀኝ መንገደኛ የለም። የአገሬ ሰው ግን ዕድሜ ልኬን ሲጠይቀኝ ኖሯል። ሃይማኖት የለኝም ስል «ለምን?» ያለኝ ጥቂት ነው፤ «እንዴት?» ያለኝም ጥቂት ነው። ሁሉም የሚለኝ ያቺኑ ነው፤ «እሺ ይሁን፣ የማንን ሥጋ ነው ታዲያ የምትበላው?»

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ከእነዚያ አውቶቡሶች ካንዱ አንድ ሰው ስለወረደ ነው። እሱ ጋ እደርሳለሁ። መጀመሪያ የወጣትነቴ ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ካላወራሁ ነገሬ አይገባችሁም፤ ደግሞም ሽማግሌ ነኝ፣ ወደ ኋላ ሳልል ወደ ፊት አልራመድም።

ያኔ ከሚሴ ማለት አስፋልቱና የአስፋልቱ ግራ ቀኝ ነበረች። ባጃጅ የለም፣ ፎቅ የለም፣ የዞን ቢሮ የሚባል ነገር በጆሯችን አልደረሰም። የአሰብ ጭነት መኪና ወጣ ወረደ ሲል ጭሱን እኛ እንጠጣለን። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነው፤ በስሙኒ ፓስቲ ጨምረህ ጠግበህ ትነሳለህ። የገበያ ቀን የጨፋ ጎበዝ ሽርጡን አገልድሞ፣ ጸጉሩን በቅቤ አርሶ፣ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይመጣል፤ ከተሜው ደግሞ ቤልቦተም ያሰፋል። ቤልቦተም የማታውቁ ልጆች፣ ከጉልበት በታች እየሰፋ ሄዶ ጫማ የሚውጥ ሱሪ ነው። ስንቱን ሰፍቻለሁ! ጨርቁ በባቲ በኩል በግመል የሚገባ ቴትሮን ነው፤ አይጨማደድም፣ ላብ አይመጥም፣ እሳት ከነካው ግን ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። እኔም ቡናማ ቤልቦተምና አንገትጌው እስከ ደረቴ የሚወርድ ሸሚዝ ነበረኝ። ሱሪ በሦስት ብር እሰፋለሁ፤ ዛሬ በሦስት ብር መርፌም አይሸጡላችሁ። ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ካሴት ሲዘፍን ይውላል፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክምና ድምፁ እንደ ሰካራም ይጎተታል፣ እኔም መርገጫዬን በዚያው ልክ አዘገማለሁ። ከሻይ ቤቱ ቀጥለው ሁለቱ ሉካንዳዎች ነበሩ። አንደኛው በሩ ላይ መስቀል፣ ሁለተኛው በሩ ላይ ጨረቃና ኮከብ ተስሎበታል። ባለቤቶቹ አንድ ቢላዋ መሳያ ድንጋይ ይዋዋሱ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ አንዱ የአንዱን ሥጋ ወደ ውስጥ ያስገባለታል፤ አንዱ የአንዱን ግን አይቀምስም። እኛ ወሎዎች እንዲህ ነን። እንጀራው አንድ፣ ሰርጉ አንድ፣ ለቅሶው አንድ፤ ሥጋው ብቻ ሁለት።

መምህር ገብሬ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ ነው። ሙሉ ስሙ ገብረ ማርያም ነበር፤ ዘመኑ ማርያምን ስላልወደደ እሱም ከስሙ ላይ ቀነሳትና «ገብሬ ብቻ በሉኝ» አለ። ካኪ ሳፋሪ ይለብሳል፣ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካል፣ መናገር ሲጀምር በሁለት ጣቱ ጠረጴዛ ይመታል። ከትምህርት ቤት ሲወጣ በረንዳዬ ላይ ይቀመጥና ጋዜጣ ያነብልኛል፣ እኔ እሰፋለሁ። ሰባተኛን ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ መምህር የሚያህል ሰው እንደ እኩያው ሲያወራኝ ልቤ እብጥ ይል ነበር፣ ምን ይደረጋል። ፈጣሪ የለም የሚሉ መጻሕፍት ይተርክልኛል፤ አንዳቸውም አልገቡኝም። የገባኝ አንድ ቀን ወደ ሉካንዳዎቹ እያሳየ ያለኝ ነው። «ሰይድ፣ እነዚህ ሁለት በሬዎች ትናንት ጨፋ ላይ አንድ መስክ ሲግጡ ነበር። የአንዲት ላም ልጆችም ይሆናሉ። ዛሬ አንዱ እስላም፣ አንዱ ክርስቲያን ሆነው ተሰቅለዋል። በሬው መቼ ሰገደ? መቼ ተሳለመ?»

ሳቅሁ። ሳቄ ሲያልቅ ግን ከውስጤ አንድ ነገር ወልቆ ሄደ። እውነቱን ለመናገር ቀድሞም ላልቶ ነበር። በክፉው ዘመን እናቴ ስትታመም አባቴ ወዳጃ ተቀምጦ፣ ሼህ ሰብስቦ ዱዓ አስደርጎ፣ ያለችንን አንዲት ወይፈን አርዶ ነበር። እናቴ ሞተች። ዝናቡ የመጣው ከተቀበረች በኋላ ነው፤ መጥቶም የመቃብሯን አፈር አጠበው። የዚያን ቀን በሆዴ «የሚሰማ የለም» ብያለሁ፤ አፌ ግን ሊያወጣው አልደፈረም። ገብሬ አፍ ሆነልኝ። ለዚህ ነው የወደድኩት፣ እንደ ወንድም የወደድኩት።

«ማመን አለማመን የአፍ ነገር አይደለም» አለኝ ከዚያ ወዲያ። «እዚህ አገር የሰው ሃይማኖት ሥጋው ላይ ነው። አንተ ከእኛ ትበላለህ፣ እኔ ከእናንተ እበላለሁ፤ በገበያ ቀን፣ ሕዝብ እያየ። ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ የለም። አንዳችን ብንመለስ ሌላውን ሜዳ ላይ ጣልነው ማለት ነው።»

«አልጥልህም» አልኩት።

«እኔም አልጥልህም» አለኝ። ተጨባበጥን።

በገበያ ቀን ባለ መስቀሉ ሉካንዳ ገባሁ። ባለቤቱ ደግ ሰው ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠና «ሰይድ፣ እኔ ካንተ አባት ጋር እህል እንገበያያለን። ነገ ምን ብዬ ፊቱን አያለሁ?» ብሎ ለመነኝ። ገብሬ ከኋላዬ ቆሞ «ቁረጥለት» አለ። ቆረጠልኝ። በሩ ላይ ሰው እንደ ሰርግ ተሰብስቧል። አንድ ሽማግሌ ሰው እንደሞተ ሁሉ «ኢናሊላሂ» ሲሉ ሰማሁ። በላሁ። ሥጋው ያው ሥጋ ነው፤ ሚጥሚጣው ትንሽ በዝቶበታል። በሚቀጥለው ገበያ ገብሬ ባለ ጨረቃው ዘንድ ገብቶ ጥብስ አዘዘ። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ አኘከ፣ ዋጠ፣ ጨምሩልኝ አለ። ያን ቀን ከእሱ ጋር አስፋልቱን ስሻገር ከሰማይ በታች ከእኛ የበለጠ ነጻ ሰው የለም ብዬ ነበር።

አይ እኔ! አገሬን የማላውቅ ነበርኩ። በማግስቱ ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት ክርስቲያን እናት ማተብ ፈትለው ይዘውልኝ መጡ፤ «እንኳን ለዚህ አበቃህ ልጄ፣ ክርስትናው መቼ ነው?» ክርስቲያን አልሆንኩም ብላቸው ጉንጬን ነካ ነካ አድርገው «አይዞህ፣ ወገኖችህን ፈርተህ ነው» አሉኝ። እስላሙ ደግሞ ሐዘን ተቀምጧል። «ክርስቲያን አልሆንኩም» እላለሁ። «ታዲያ ምን ሆንክ?» «ምንም።» «ምንም የሆነ ሰው ምን ሲል ከነሱ ቤት ሥጋ ይበላል?» እውነታቸውን ነው። ላስረዳ ብዬ ሄጄ ከባለ ጨረቃው በላሁ፤ «አልሐምዱሊላህ ተመለሰ!» ተብሎ እልል ሊባልልኝ ምንም አልቀረ። እንዳልተመለስኩ ላሳይ እንደገና ከባለ መስቀሉ በላሁ፤ «አይ ከሀዲ!» አሉኝ። እንዲህ ወዲያና ወዲህ ስል ከርሜ ታከተኝና ሥጋ የሚባል ነገር እርም አልኩ። ያኔ ደግሞ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ሰይድ ጾመኛ ሆኗል፤ ቄሱ እንኳ እንዲህ አይጾሙ።» በበሬ አገር፣ በጨፋ ሜዳ ዳር ተቀምጬ፣ ይኸው ሽበቴን ያወጣሁት በሽሮ ነው።

አባቴ እንድሪስ ይባላል፤ ገበሬ ነው። ወሬውን በሰማ ሰሞን ከጨፋ በእግሩ መጣና በረንዳዬ ላይ ቆመ። «አከም ጅርታ፣ ኢልመ ኮ» አለኝ፤ ደህና ነህ ወይ ልጄ ማለቱ ነው። ልቡ ሲሰበር በኦሮምኛ ነበር የሚጀምረው። ተቀመጥ ብለው እምቢ አለ። «ክርስቲያን ሆነህ እንደሆን ንገረኝ» አለ። «የአጎትህ ልጅ ሆኗል፤ ጾሙን እናውቃለን፣ በዓሉን እናውቃለን፣ ልጅ ሲወለድለት ምን ብለን እንደምንመርቀው እናውቃለን። ምንም አይደለሁም ስትለኝ ግን በየት በር ልግባብህ?» ገብሬ ካነበበልኝ ውስጥ ለዚህ የሚሆን አልነበረበትም። በዚያ ዓመት ለአረፋ በዓል አባቴ ቤት ሄድኩ። የበኩር ልጅ ነኝና በጉን ሁልጊዜ የማርደው እኔ ነበርኩ። ቢላዋውን አንስቼ ስቆም አባቴ እጄን በቀስታ ይዞ ከእጄ ወሰደው፤ እስላም ለሆነው ለሌላው የአጎቴ ልጅ ሰጠው። «በክት ይሆንብናል» አለ ብቻ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሳያኮርፈኝ፣ ሳይረግመኝ፣ ከእጄ ሥጋ ሳይቀምስ ሞተ። ሴት ልጁን ሊድርልኝ ተስማምቶ የነበረው ቤተሰብም «ኒካሁን በማን ስም እናስራለን?» ብሎ ልጁን ለሌላ ሰጠ። ሚስት አላገባሁም።

በአባቴ ቀብር ላይ ሰው ለስግደት ሲሰለፍ እኔ ከክርስቲያኖቹ ጋር ግራሩ ሥር ቆምኩ። ክርስቲያን ሲሞት ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከእስላሞቹ ጋር እቆማለሁ። በሁሉም ቀብር የምገኘው ከሌላው ወገን ጋር ነው። የሁለቱንም ሬሳ መገነዣ አቡጀዲ የምቀደው ግን እኔ ነኝ፤ በእሱ ላይ የማን እጅ ነው ያለኝ የለም።

ያ ዘመንም እንደ መጣ ሄደ። ስብሰባ ላይ ጠረጴዛ እየመቱ «ፈጣሪ የለም» ሲሉን የነበሩት ሁሉ በአንድ ክረምት ውስጥ ነጠላና ኮፍያ አወጡ። ገብሬ ከዚያ በፊት፣ ሥጋውን በበላን በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ ተዛውሮ ሄዷል፤ አንድም ቀን ወሬው አልደረሰኝም። ሰው እየመጣ «በል እንግዲህ አንተም ተመለስ፣ ማንም አይወቅስህም» ይለኛል። እኔ ግን አንድ ነገር ይታየኝ ነበር። የሆነ ከተማ፣ የማላውቀው ቀበሌ ውስጥ፣ ፋሲካ ቀን ገብሬ ብቻውን ሽሮውን ሲበላ ይታየኛል። ጎረቤት «መምህር፣ ና ግባ» ሲለው «አይ፣ ቃል አለብኝ» ሲል ይሰማኛል። ይህን ሳስብ ጉልበቴ ይጠናል። ሞኝነቴን ተዉት፤ ይህ ነበር ያኖረኝ።

ታላቅ እህቴ ዘይነባ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሱቄ ጀርባ ባለው ክፍል ትኖራለች፤ ስኳር ይዟታል፣ እግሯ አልድን ብሏል። ከእኔ ቀድማ እንደምትሞት ታውቃለች፤ ጭንቋ ግን የራሷ ሞት አይደለም። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ የቅሬው ዳኛ አንድ ቀን ቤት ድረስ መጥቶ «ሰይድ፣ እኛ ጨክነን አይደለም። ሐዘናችን ላይ አልጠፋህም። ግን በየትኛው ወግ እንደምናጥብህ፣ በየትኛው መካነ መቃብር እንደምናሳርፍህ ንገረን» አለኝ። ዘይነባ ከዚያን ቀን ጀምራ የእስልምናውን የምስክርነት ቃል በል እያለች አልተወችኝም። «ሸሃዳህን ያዝ፣ ከአባታችን እግር ሥር ተኛ። ምን ይጎዳሃል? የለም ካልክ ለሌለ ነገር አንዲት ቃል ብትል ምን ይነካሃል?»

«ቃል አለብኝ እታለም» እላታለሁ። «ሌላም ሰው አለ። እሱን ሜዳ ላይ አልጥለውም።»

«ያ መምህር ዛሬም አለ ብለህ?»

«አለ» እላለሁ።

ዘንድሮ መንገዱ ሰላም ሆኖ አውቶቡሶቹ በብዛት መጡ። ከነጭ ለባሾቹ አንድ ረዘም ያለ ሽማግሌ ቦርሳውን አቅፎ ወደ በረንዳዬ ወጣ። ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቷል፣ እጁ ላይ መቁጠሪያ አለ። «ጌታው፣ ይህች ማንገቻ ተበጥሳብኝ፤ ቶሎ ታደርስልኛለህ? ሾፌሩ ሊነሳ ነው» አለ፤ ሲናገርም በሁለት ጣቱ የመኪናዬን ጠረጴዛ መታ መታ አደረገ። ቀና ብዬ አየሁት።

«ገብሬ» አልኩ።

ጎንበስ ብሎ ፊቴን አየ። ከዚያ ፊቱ በራ። «ሰይድ! ሰይድ ልብስ ሰፊው! በሕይወት አለህ!» ተቃቀፍን። አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ። ሽበቱ፣ የጎደሉ ጥርሶቹ፣ ያቺው ሳቁ። ወንበር ሳብኩለት፣ ቦርሳውን ተቀበልኩት። ነጠላውን አይቼ አልተከፋሁም፤ ሰው ሲያረጅ ሞት ይቀርበዋል፣ ይፈራል። እየቀለድኩ «መቼ ተመለስክ በል?» አልኩት።

«ከየት?» አለኝ።

እየቀለደ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም። ምን እንደምለው ገርሞት ያየኛል። «ከ'የለም' ነዋ» አልኩት፤ «ከዚያች ከሥጋችን ቀን።»

«እ፣ እሱን ነው!» ብሎ ሳቀ። «እኔ መቼ ሄጄ እመለሳለሁ! ከእናንተ ሉካንዳ በበላሁ በሳምንቱ ኮምቦልቻ ሄጄ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። ቄደር ተጠመቅሁ፣ ቀኖናዬን ተቀበልኩ፣ አለቀ። እመቤቴ ምንኛ ታጋሽ ናት!» ቄደር የካደ ወይም የሌላ ወገን ሥጋ የበላ ክርስቲያን ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጥምቀት ነው። ይህን ሲነግረኝ እንደ ተአምር ነው የሚተርክልኝ፣ እኔም አብሬው እንድደነቅለት። «አንተስ? በጊዜ ሳትመለስ አልቀረህም መቼም።»

መርፌው ማንገቻው ላይ እንደተተከለ ቀረ። ይህን ሲያይ ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ። በረንዳውን አየ፣ ብቸኛዋን ወንበሬን አየ፣ እኔን አየ።

«አንተ…» አለ። «እውነት መስሎህ ነበር እንዴ?»

«ለምን ታዲያ?» አልኩት።

«አይ ሰይድ! ዘመኑን ረሳኸው? እነዚያ ካድሬዎች ይዘውኝ ነበር'ኮ። ቅዳሴ ስሄድ አንድ ሰው አይቶኝ ኖሮ፣ ሃይማኖት አለመያዝህን በተግባር አሳይ፣ ከእስላሙም ወገን አንድ ሰው ይዘህ ና አሉኝ። ካለዚያ እንጀራዬ ነበር። አንተ ቅርቤ ነበርክ፣ ብልህም ነበርክ። እንደ ሌላው ሁሉ ሲያልፍ ታልፋለህ ብዬ ነው። ደሴ ዕድገት የሰጡኝ በዚያ ነው፤ ልጆቼን በዚያ አሳደግሁ።» ልጆቹን ሲያነሳ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ፈገግታው አፈረ መሰለኝ ጠፋ።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መሄዱ አይደለም ያንገበገበኝ። በእርጅናው ቢመለስ ኖሮ እቀልድበት፣ በመንገዱም መልካም እመኝለት ነበር። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ያ ፋሲካ ቀን ብቻውን ሽሮ የሚበላው ሰው፣ ስንት ዘመን ያጫወተኝ፣ ሲከፋኝ ያጸናኝ፣ የለም። አንድም ቀን ኖሮ አያውቅም። እኔ ሽሮዬን ስበላ እሱ ደሴ ላይ ከልጆቹ ጋር ገድፎ ይበላ ነበር። አባቴ ቢላዋውን ከእጄ የወሰደ ዕለት ገብሬ ቀኖናውን ፈጽሞ ጨርሷል። በመጽሐፍ ያልተሸነፍኩ ሰው በወዳጅ ተሸነፍኩ፤ ወዳጁም ለእንጀራው የያዘኝ ነበር።

ማንገቻውን ሰፍቼ ጨረስኩ። እጄ ሥራውን ያውቃል። ከአውቶቡሱ አንዲት ሴት «አባ ገብረ ማርያም፣ ልንሄድ ነው!» እያለች ተጣራች። እሱ ግን አልተነሳም። «ሰይድ፣ ቂምህን ተሸክሜ ግሸን አልወጣም» አለኝ። «ይቅር በለኝ።»

አላየሁትም።

«ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ» አለ። ከዚያ የተናገረው ለራሱም ታወቀው መሰል «እንግዲያስ ስለ አላህ ብለህ አውፍ በለኝ» አለ። አሁንም ቀና ሳልልለት እጆቹ ተንጠለጠሉ። «በምን ልለምንህ ታዲያ?»

«የምትለምንበትን ያሳጣኸኝ አንተው ነህ» አልኩት።

ሌላው ሰው ሲበደል የሚያስታርቀው አለ። ለፈጣሪው ብሎ ይተዋል፣ ዋጋውን ከላይ ይጠብቃል። እኔ ይቅር ብል ከራሴ ጓዳ አውጥቼ ነው። ጓዳዬን አየሁ፤ ያን ቀን ባዶ ነበር። ስለ ወዳጅነታችን ብሎ ቢለምነኝ፣ ስለዚያ በረንዳና ስለ ጋዜጣው ብሎ ቢለምነኝ፣ ማን ያውቃል፣ አንድ ነገር አገኝ ነበር። አላለም። ስለ ሁሉም ነገር ብሎ ለመነኝ፤ ስለ እኔና ስለ እሱ ግን አላለም። ቦርሳውን ትከሻው ላይ አነገትኩለት። «ስምህን ተራራው ላይ አስጠራልሃለሁ» ብሎ ወረደ። አውቶቡሱ ወደ ኮምቦልቻ አቅጣጫ ሲጎተት ቆሜ አየሁት። ግሸን ወጣ አልወጣ አላውቅም።

ሱቁን ዘግቼ ዘይነባ ዘንድ ገባሁ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ እግሯን በትራስ አስደግፋ ተቀምጣ ነበር። ፊቴን አይታ «ምን ሆንክ ወንድምየ?» አለችኝ። ነገርኳት። ሰው ስትሰድብ የማላውቃት እህቴ ገብሬን በሁለቱም ቋንቋ ሰደበችልኝ፤ ትንሽ ቀለለኝ። ከዚያ እጄን ያዘች።

«እንግዲያ ያ ቃል ፈረሰ» አለች። «ሌላ ሰው አለ ትለኝ ነበር። የለም። በል አሁን ከእኔ ጋር በል፤ አሽሃዱ…»

«አልልም እታለም።»

«ለማን ብለህ?»

«አንዴ እሱ አስወጣኝ» አልኳት። «አሁን ብመለስ የመለሰኝም እሱ ሊሆን ነው። ደግሞ እናታችን ስትሞት የሚሰማ የለም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ ገብሬን አላውቀውም።» ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ዘይነባ አልቅሳ ትለምነኛለች ብዬ ስጠብቅ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ቀና አለች።

«ጥሩ» አለች። «አትበል። አንተ ስትሞት እኔ በሕይወት ካለሁ፣ አልጋህ አጠገብ ነበርኩ፣ በመጨረሻዋ ትንፋሹ ሸሃዳውን ሲይዝ በጆሮዬ ሰማሁ እላቸዋለሁ። ቀድሜህ ከሞትኩም ዛሬውኑ የቅሬውን ዳኛ አስጠርቼ፣ ወንድሜ ሰው አፍሮ ነው እንጂ በድብቅ ይሰግዳል ብዬ እነግረዋለሁ። እኔን ሁሉም ያምነኛል። ከአባታችን እግር ሥር ያሳርፉሃል።»

«ዘይነባ፣ ይህንማ አታደርጊም» አልኩ። ታላቄን በስሟ ስጠራት የመጀመሪያዬ ነው። «ዕድሜዬን የሰጠሁላት አንዲት ቃል ናት። እሱ ሸጣት። አንቺ ደግሞ ከእኔ ጋር ልትቀብሪያት ነው? ደግሞ ውሸት ነው፤ አንቺ'ኮ አማኝ ነሽ።»

«አላህ ያየኛል፣ ያውቃል። ከእሱ ጋር እነጋገርበታለሁ» አለች። «ሜዳ ላይ አልተውህም።»

«ማይልኝ፣ እንደማትዋሺ።»

«ወላሂ እዋሻለሁ» አለች።

እኔ የምምልበት ስለሌለኝ ዝም አልኩ።